የምጣኔ ጥያቄ፦ በአንድ ብረት ለበስ ሞዴል ላይ የቀረበ ሒስ

የሥነ ጥበብ ሒስ በአገራችን ሲጻፍ ዘወትር የሚያተኩረው በልብ ወለድ፣ በግጥም፣ በተውኔትና በሥዕል ላይ ነው። ተገቢም ነው። ይሁን እንጂ ሰው በእጁ አስመስሎ የሚሠራው ነገር ሁሉ፣ ሠሪው ራሱን ከጥበብ ሰዎች ተርታ ባያስገባም እንኳ፣ ስለ ዓለም የሚሰጠው ምስክርነት አለ፤ ምስክር ደግሞ መስቀለኛ ጥያቄ ሊቀርብለት ይገባል። በዚህ ጽሑፍ ለጥያቄ የሚቆመው በሣጥን ታሽጎ የሚሸጥ፣ በሙጫ ተገጣጥሞ በቀለም የሚያልቅ፣ መዳፍ ላይ የሚቀመጥ የጦር ተሽከርካሪ ሞዴል ነው። ተሽከርካሪው ለታሪካችን እንግዳ አይደለም። የፋሺስት ጣሊያን ጦር «ካሮ ቬሎቼ»፣ ማለትም «ፈጣን ተሽከርካሪ» እያለ ይጠራው የነበረውና በ1928 ዓ.ም. መረብን ተሻግሮ ወደ ትግራይ ምድር የዘለቀው ባለ ሁለት ሰው ትንሽ ታንክ ነው።

ስለዚህ ዓይነቱ ሥራ ሁለት አስተያየቶች ሲሰነዘሩ ይሰማል። አንደኛው ነገሩን ከልጆች መጫወቻ ቆጥሮ ይንቀዋል። ሁለተኛው ጦርነትን ማሞገስ ነው ብሎ ያወግዘዋል። ሁለቱም ሥራውን ቀርበው ያላዩ ሰዎች አስተያየቶች ናቸው። የመጀመሪያው ድካሙን አያውቅም፤ ሁለተኛው ደግሞ አንድ ነገር በትክክል ሲለካ ከለኪው ፈቃድ ውጭ ምን ሊናገር እንደሚችል አልገመተም። የእኔ ክስ ከሁለቱም የተለየ ነው፤ ወደ እርሱ ከመድረሴ በፊት ግን ሥራው እንዴት እንደሚከናወን ለማያውቅ አንባቢ መግለጽ ያስፈልጋል።

ሣጥኑ ሲከፈት የሚገኘው ታንክ አይደለም፤ ከቀጫጭን የፕላስቲክ ዘንጎች ላይ እንደ ወይን ዘለላ የተንጠለጠሉ፣ ቁጥር ቁጥር የተሰጣቸው ቁርጥራጮች ናቸው። ሠሪው የመምሪያውን ወረቀት እየተከተለ እያንዳንዱን በመቁረጫ ያላቅቃል፤ የተቆረጠበትን ጠባሳ በምላጭና በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፤ በወረንጦ ይዞ ከቦታው ያኖራል። ሙጫው በመካከል ገብቶ የሚያጣብቅ ሳይሆን ሁለቱን ገጾች ጥቂት አሟሙቶ እርስ በርስ የሚያዋሕድ ነው፤ ስለዚህም ተጣሞ የደረቀ ነገር መመለሻ የለውም። በቅርብ ዘመን በወጡት ሣጥኖች ውስጥ ደግሞ ከፕላስቲክ ሊወጡ የማይችሉት ስስ ክፍሎች በአሲድ ተበልተው ከተዘጋጁ የናስ ቅጠሎች ላይ ይገኛሉ። ከሁሉ አታካቹ ሰንሰለቱ ነው። አንዳንድ ፋብሪካዎች ባንድ ቁራጭ ሲያቀርቡት ሌሎቹ ዘለበት በዘለበት ያቀርቡታል፤ አንዱ ዘለበት ከገብስ ቅንጣት እምብዛም አይበልጥም። ለዚህ ጽሑፍ ስል እኔም አንዱን ገጣጥሜ ጨርሻለሁና የአንድ ጎን ሰንሰለት አንድ ሙሉ ምሽት እንደሚበላ መመስከር እችላለሁ። ከዚያም ቀለሙ ይመጣል፤ ከቀለሙም በኋላ ቀለሙን የማስረጀት ሥራ አለ፤ ወደዚህ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ይህን ሁሉ የሚያሠራው አንድ ሕግ ነው፤ ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ መገልበጥ። ቁም ጸሐፊ ከፊቱ የተዘረጋውን ብራና ፊደል በፊደል ሲያወርድ የራሱን ሐሳብ እንዳያስገባ እንደሚጠነቀቅ ሁሉ፣ ሞዴል ሠሪም የአንድ ብሎን ራስ በጎደለ ጊዜ እንቅልፍ ያጣል። ቀደም ብሎ የወጣው ካሮ ቬሎቼ ብረቱ በሪቬት፣ በኋላ የወጣው ግን በብሎን የተያያዘ ነበርና ሁለቱን ማደባለቅ በሠሪዎቹ ዘንድ እንደ ነውር ይቆጠራል። ስለ ቀለሙ የሚደረገው ክርክርማ ማብቂያ የለውም፤ የዘመኑ ፎቶግራፎች ጥቁርና ነጭ በመሆናቸው እያንዳንዱ ወገን ግራጫውን ወደሚወደው ቀለም ይተረጉመዋል። ይህን ጥንቃቄ አልንቅም። አስመስሎ መሥራትን ቀላል አድርጎ የሚያይ ተዋናይ ወይም ሠዓሊ አንድ ሳምንት ከዚህ ሥራ ጋር ቢውል ብዙ ነገር ይቀስም ነበር። ጥያቄው ጥንቃቄው በምን ላይ ዋለ፣ በምንስ ላይ ሳይውል ቀረ የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ የምጣኔው ታሪክ ራሱ ፍንጭ ይሰጣል። በዓለም ላይ በብዛት የሚሠሩት የታንክ ሞዴሎች የእውነተኛው 1/35 ናቸው። ቁጥሩ ከየት መጣ? በጃፓን አገር በሺዙኦካ ከተማ የሚገኘው ታሚያ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1946 የእንጨት ንግድ ሆኖ የተቋቋመ ነው። ከእንጨት ሞዴል ወደ ፕላስቲክ ተሻግሮ እ.ኤ.አ. በ1961 የጀርመኑን «ፓንተር» ታንክ በሞተር የሚንቀሳቀስ አድርጎ አወጣ። የሞዴሉ መጠን የተወሰነው በሆዱ ውስጥ የባትሪ ድንጋዮቹ እንዲገቡለት ተብሎ ነበር። ገበያው ሲሰምርና ሌሎች ታንኮችም በዚያው መጠን እንዲሠሩ ሲፈለግ «ፓንተር»ን ቢለኩት የእውነተኛው ታንክ 1/35 ያህል ሆኖ ተገኘ። ሌሎች ኩባንያዎችም ቁጥሩን ተከተሉ። እንግዲህ የሃያኛው ክፍለ ዘመን ታላላቅ ጦርነቶች በመደርደሪያ ላይ የተቀመጡበትን መጠን የወሰነው የታሪክ ተመራማሪ ወይም ቀራጺ አልነበረም፤ ሁለት የባትሪ ድንጋይ ነው። ሞተሩ ከብዙዎቹ ሞዴሎች ውስጥ ከወጣ ቆይቷል፤ ምጣኔው ግን ጸንቶ ቀረ። በሥነ ጥበብ ታሪክ ውስጥ ቅርጽ በይዘት ሳይሆን በድንገተኛ ምክንያት ተወስኖ ኋላ እንደ ሕግ የሚከበርበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ ግን አላውቅም።

አሁን ወደ ታንኩ እንመለስ። ካሮ ቬሎቼ ከእንግሊዙ የካርደን ሎይድ ትንሽ ታንክ ንድፍ የተወለደ ነው። ርዝመቱ 3.15 ሜትር፣ ወርዱ 1.40 ሜትር፣ ቁመቱ 1.28 ሜትር ያህል ነው። ክብደቱ ከ3 ቶን ጥቂት ያልፋል፤ 43 የፈረስ ጉልበት ያለው የፊያት ሞተር ከኋላው ተቀምጧል። ሞዴሉ በዚህ ስሌት 9 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 4 ሴንቲ ሜትር ወርድና 3.7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቁመት ይኖረዋል። እስከዚህ ድረስ ሂሳቡ ታማኝ ነው። የፊቱ ብረት ውፍረት ግን 14 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን የጎኑ ከዚያ የሳሳ ነው። 14 ሚሊ ሜትር በ35 ሲካፈል 0.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ፕላስቲክ በዚህ ስስነት ተቀርጾ መቆም ስለሚያቅተው የተለመደው ግድግዳ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 1 ሚሊ ሜትር ተመልሶ በ35 ሲባዛ 35 ሚሊ ሜትር ይመጣል። በሪቬት ቁጥር እንቅልፍ የሚያጣው ሥራ በብረቱ ውፍረት ረገድ ታንኩን ከእጥፍ በላይ አጠንክሮታል ማለት ነው። ስለ ቀለሙ ሌሊቱን ሙሉ የሚከራከር ሰው ስለዚህ ጉዳይ አፉን አይከፍትም፤ ሥራው ሲያልቅ ውፍረቱ ከውጭ አይታይምና።

ዓይን ያለፈውን ግን እጅ ያገኘዋል። ይህ ታንክ የሚዞር ማማ የለውም። በተለመደው ዓይነቱ ሁለት 8 ሚሊ ሜትር መትረየሶች ጎን ለጎን ሆነው ከፊት ግድግዳው በግራ በኩል ተተክለዋል፤ ሾፌሩ በቀኝ ይቀመጣል። ሠሪው መትረየሶቹን ከማቀፊያቸው ጋር ገጥሞ በጣቱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲገፋቸው ጥቂት ተጉዘው ይቆማሉ። ከዚያ ሞዴሉን በመዳፉ ላይ አዙሮ ከኋላ ሲመለከተው የሞተሩን ፍርግርግና ግራና ቀኝ የተጋደሙትን የጭስ ማውጫዎች ያያል፤ መትረየስ የለም። በላይ በኩል ሁለት ክዳኖች አሉ። ክዳኖቹ ከተዘጉ በኋላ ትከሻ ለትከሻ የተጣበቁት ሁለት ሰዎች ዓለምን የሚያዩት በጠባብ ስንጥቅ ነው። የታንኩ ኃይል ሁሉ ወደ ፊት፣ ድክመቱ ሁሉ ወደ ጎንና ወደ ኋላ መሆኑን የመምሪያው ወረቀት አይጽፍም። ጣት ግን ከሃያኛው ቁራጭ በኋላ አውቆታል።

የሣጥኑ ክዳን ሥዕል የሚናገረው ሌላ ነው። በዚህ ዘርፍ ስመ ጥር የሆነው ጃፓናዊው ሠዓሊ ሺገሩ ኮማትሱዛኪ የ«ፓንተር»ን ሣጥን ከሣለበት ጊዜ አንሥቶ የክዳን ሥዕል የራሱ ወግ አለው። ተመልካቹ ዝቅ ብሎ፣ ከመሬት ተጠግቶ፣ ታንኩ ወደ እርሱ እየመጣበት እንዲያይ ይደረጋል። ለታላላቅ ታንኮች ይህ አስተያየት ያን ያህል ሐሰት አይሆንም። ቁመቱ 1.28 ሜትር ለሆነ ተሽከርካሪ ግን ተመልካቹ በእምብርክኩ ካልሄደ በስተቀር ሐሰት ነው። ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ሰው ከካሮ ቬሎቼ አጠገብ ሲቆም ክዳኑን ቁልቁል ነው የሚያየው። በሞዴሉ ምጣኔ ሰውየው 4.9 ሴንቲ ሜትር፣ ታንኩ 3.7 ሴንቲ ሜትር ነው። ሥዕሉ ያገነነውን ሣጥኑ ውስጥ ያለው ፕላስቲክ ያስተባብለዋል። እኔ እስከማውቀው ድረስ ማስታወቂያውና ዕቃው ይህን ያህል ተቃርነው በአንድ ክዳን ሥር የሚሸጡበት ሌላ የጥበብ ዘርፍ የለም።

እዚህ ላይ የራሳችንን ባህላዊ የዓድዋ ሥዕል ማስታወስ ይጠቅማል። በዚያ ሥዕል ምጣኔ የሚባል ነገር የለም። ፈረሱ ተራራውን ያህላል፤ መድፉ ከተኳሹ ያንሳል፤ ሁለቱ ሠራዊቶች ግራና ቀኝ ተሰልፈው በመካከላቸው አንድ ስንዝር አይሞላም። ነገር ግን ሥዕሉ ማን ከማን ጋር እንደ ተፋጠጠ አያምታታም። ወገን በሙሉ ፊት፣ በሁለት ዓይን ይሣላል፤ ጠላት በጎን ፊት፣ በአንድ ዓይን። ሠዓሊው የለካው ዕቃውን ሳይሆን ግንኙነቱን ነው። ሞዴሉ የዚህ ግልባጭ ነው፤ ዕቃውን እስከ ብሎኑ ራስ ለክቶ ግንኙነቱን ሳይለካ ተወው። አንዱ ከሌላው ይበልጣል ለማለት አይደለም። የዓድዋው ሥዕል ጠላት የተባለው ሰው ላብ የሚያጠምቀው፣ የሚፈራ ፍጡር መሆኑን አይነግረንም፤ በ1.40 ሜትር ወርድ ውስጥ ሁለት ወንበር ጎን ለጎን የገጠመ ሠሪ ግን ይህን ያውቃል። የሚያሳዝነው ሁለቱ ዕውቀቶች ባንድ ሥራ ላይ አለመገናኘታቸው ነው።

ሊገናኙ የሚችሉበት ቦታ አለ፤ ደምበጊና ነው። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. የልዑል ራስ እምሩ ጦር ፊታውራሪ ሺፈራው በሚመሩት ግንባር ቀደም ኃይል ተከዜን ተሻግሮ በሽሬ በኩል ሲገፋ፣ ወደ ኋላ የሚያፈገፍገው የጠላት ክፍል ዘጠኝ ያህል ካሮ ቬሎቼ ይዞ ወደ ደምበጊና በር አመራ። በሩ ግን ቀድሞ ተይዞ ነበር። ታንኮቹ መንገድ ለመክፈት ወደ ፊት ቢወረወሩም በተራራና በአለት መካከል ፊታቸውን እንዳሻቸው ማዞር አልቻሉም። ተዋጊዎቹ ከጎንና ከኋላ ደረሱባቸው፤ እላያቸው ላይ ወጡ። በመጨረሻ ታንኮቹ በሙሉ ተቃጥለው፣ ተገልብጠው ወይም ተማርከው ቀሩ። እነዚህ ተዋጊዎች የታንክ ንድፍ ያነበቡ አልነበሩም። ሞዴል ሠሪው በሳምንት የሚደርስበትን ዕውቀት እነርሱ በጥቂት ደቂቃ፣ በሕይወታቸው ዋጋ ደረሱበት፤ ይህ ዕቃ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አያይም። ከአንድ ዓመት ጥቂት ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1937፣ በስፔን ጓዳላሃራ እነዚሁ ታንኮች 45 ሚሊ ሜትር መድፍ በሚዞር ማማ ላይ የተሸከሙትን የሶቪየት ቲ-26 ታንኮች መቋቋም ተሳናቸው። የዚያ ቀን ብልጫ ግን የብረት በብረት ላይ ነው፤ ሁለቱን ሞዴሎች አጠገብ ለአጠገብ ማስቀመጥ ብቻ ያስረዳዋል። የደምበጊናው እንዲህ አይገለጽም። ለእርሱ ሰው ያስፈልጋል።

ሞዴልን ከሰውና ከመሬት ጋር አዋሕዶ አንድ ቅጽበት የሚያሳይ ሥራ ዳዮራማ ይባላል። በዚህ ረገድ አሜሪካዊው ሼፐርድ ፔይን መጠቀስ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለሞኖግራም ኩባንያ ሞዴሎች በሠራቸው ትዕይንቶችና እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው የዳዮራማ አሠራር መጽሐፍ ብዙ ሠሪዎችን አስተምሯል፤ ትዕይንቱ ታሪክ መናገር እንዳለበትም አበክሮ አሳስቧል። ለተውኔት ጸሐፊ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። መጋረጃ ሲከፈት በመድረክ ላይ የሚታየው የመጀመሪያው አቋቋም፣ አንድ ቃል ሳይነገር፣ ማን ምን እንደሚፈልግ ማስታወቅ አለበት። ዳዮራማ ያን የመጀመሪያ አቋቋም ብቻ ይዞ የሚቀር ተውኔት ነው። ብዙ ጊዜ የምናየው ግን ሌላ ነው፤ ታንኩ መሐል ላይ ቆሟል፤ ሁለት ወታደሮች ሲጋራ ያጨሳሉ፤ አንዱ ካርታ ያያል። መድረኩ በዕቃ ተሞልቶ ተዋናዮቹ ሥራ ፈትተዋል። እንዲህ ያለውን ተውኔት በአዳራሽ ብናየው ገና በመጀመሪያው ገቢር ተነሥተን እንወጣ ነበር።

አሁን ወደ ማስረጀቱ ልመለስ። በዚህ ሥራ የተካኑ ሰዎች ቀጥኖ የተበጠበጠ ጥቁር ቀለም በየስንጥቁ እያፈሰሱ፣ በደረቅ ብሩሽ ጠርዙን እያሹ፣ የዱቄት ቀለም እየነሰነሱ አዲሱን ፕላስቲክ ዝናብና ፀሐይ የተፈራረቀበት ብረት ያስመስሉታል። ጥበቡ ያስደንቃል። ይሁን እንጂ ዝገቱ ለውበቱ ሲባል ብቻ እየተጨመረ ሲሄድ ትርጉሙን ያጣል። በታኅሣሥ 1928 እነዚህ ታንኮች ጥቂት ዓመት ብቻ ያገለገሉ፣ በበጋ የሚጓዙ ነበሩ፤ የሚሸፍናቸው ዝገት ሳይሆን አቧራ ነው። ዝገት የጊዜ ምልክት ነውና ያለቦታው ሲገባ ወረራውን ከትኩስ በደልነት ወደ ጥንታዊ ቅርስነት ያሸጋግረዋል። በተለይም የእሳት መትፊያ የተገጠመለት ዓይነት አለ፤ ይህም በዚያው ጦርነት የተሰለፈ ሲሆን 500 ሊትር ነዳጅ የያዘ ተጎታች ከኋላው ይጎትት ነበር። በሞዴል ሠሪዎች ዘንድ ተጎታቹ የተወደደ ነው፤ ለመደርደሪያ ውበት የሚሰጥ ተጨማሪ ክፍል ተደርጎ ይታያል። ቀለሙ እንዲያምር ከመጨነቅ በፊት 500 ሊትሩ በማን ላይ ሊፈስ እንደ ተዘጋጀ አንድ አፍታ ማሰብ ለሥራውም ይበጃል፤ ሠሪው ቢያንስ የእሳት ቧንቧውን ወዴት አቅጣጫ እንደሚያነጣጥር ያስወስነዋል።

አንድ ነገር ደግሞ በማናቸውም ምጣኔ ሊሠራ አይችልም። ከደምበጊና ስምንት ቀን በኋላ፣ ታኅሣሥ 13፣ በተከዜ አካባቢ በነበሩት በራስ እምሩ ሰዎች ላይ ከአውሮፕላን የመርዝ ጋዝ ወረደ። በታንክ ያልተገኘው ድል በአየር ተፈለገ። አውሮፕላኑ ሞዴል አለው፤ ቦምቡም ይቀረጻል። የሚቃጠል ቆዳና የሚታወር ዓይን ግን በፕላስቲክ ዘንግ ላይ አይንጠለጠልም። ስለ ወረራው ያለን ሥዕላዊ ትውስታ ከሣጥን በሚወጣው ዕቃ ላይ ብቻ ቢመሠረት ጦርነቱ የታንክ ጦርነት ሆኖ ይቀር ነበር፤ ከታንኩ ይልቅ ብዙ ሰው የፈጀው ነገር ለመሥራት ስለማያመች ብቻ ከመደርደሪያው ይጎድላል። ይህ የሠሪዎቹ ጥፋት ሳይሆን የዘርፉ ወሰን ነው፤ ወሰኑን አለማወቅ ግን ጥፋት ነው።

በወሰኑ ውስጥ ሊሠራ የሚችለው የደምበጊናው ትዕይንት ነው። ካየኋቸው ሣጥኖች ውስጥ ሰው ያላቸው ሁሉ የያዙት የጣሊያን ወታደሮችን ነው፤ የወገን ተዋጊ የለም። የሚፈልገው ሰው ራሱ ከሽቦና እየጠነከረ ከሚደርቅ ሊጥ መቅረጽ አለበት። ቁመቱ 4.9 ሴንቲ ሜትር፤ ከታንኩ ጀርባ፣ ከሞተሩ ፍርግርግ ላይ፣ አንድ ጉልበቱን አጥፎ። እጀ ጠባቡ አያስቸግርም፤ ዝናሩ ከስስ የናስ ቅጠል ይቆረጣል። ሸማው በሙጫ ውሃ ከተነከረ ስስ ወረቀት ቢሠራ ይሻላል፤ ሊጡ ይወፍራል፤ ያን ጊዜ እንደ ታንኩ ብረት ያለምክንያት የጠነከረ ይመስላል። ጠመንጃው ውጅግራ ከሆነ ርዝመቱ 1.30 ሜትር ስለሆነ በምጣኔው ከ3.7 ሴንቲ ሜትር አያንስም፤ በአፈሙዙ ቢቆም የታንኩን ጣሪያ ይደርሳል። ከሁሉ አስቸጋሪው እግሩ ነው። የጣሊያኑ ወታደር ቦት ጫማ በሁለት የምላጭ ምት ያልቃል። የዚህኛው እግር ባዶ ስለሆነ አምስቱም ጣቶች መለየት አለባቸው፤ ትልቁ ጣት ስፋቱ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ሊጡ ገና ሳይደርቅ በመርፌ ጫፍ፣ ትንፋሽ ይዞ ይሠራል።